በኦድጌይር ክፍል የተደመሰሰው ቅጂ

ሽማግሌው ኦድጌይር በድምፅ ማኅደሩ ወለል ላይ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ከተሰኩት ሁለት ዲስኮች አንዱ ተደምስሷል። የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሶልቬግ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ግሮአ፣ እንዲሁም ዱሮ የጀልባ ባለቤት የነበረው የማኅደሩ ኃላፊ ቶርፊ።

የወደቡ ሰው ሳይውል ሳያድር ሶልቬግ ላይ ፈረደ። ከሟቹ ጋር ዓመት ሙሉ ስትጨቃጨቅ ያልሰማ የለማ።

«በምን ነበር ጠባችሁ?» አለቻት ስቴይኑን የተባለችው መርማሪ።

«በዲስኮቹ ስም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቀድሞ የነቃውን ‹ኢ›፣ የዘገየውን ‹ኤፍ› ይላል። ዛሬ ‹ኢ› የነበረው ነገ ‹ኤፍ› ሊሆን ይችላል። ስማቸው እንዳይቀያየር ላስተካክልልህ ብለው እምቢ አለ። ግትር ነበር፤ ግን እወደው ነበር።»

«ልትታሰሪ ነው እያሉ ነው።»

«ይሰሩኛ። ያላደረግሁትን አደረግሁ አልልም።»

ግሮአ ተጠየቀች። «የሞተ ዕለት ጠዋት ከነፋሱ የተነሣ መብራት ሄዶ መጣ። እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ ያንን ማሽን መክፈትም አላውቅ» አለች።

ለቶርፊ መርማሪዋ አንድ ዲስክ መደምሰሱን ብቻ ነገረችው።

«አዬ» አለ፤ «የጀልባዋ ምስክርነት መጥፋቱ ያሳዝናል።»

ያቺ የቶርፊ ጀልባ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰጥማ ካሪ የተባለውን የሶልቬግን ወንድም ይዛው ቀርታለች። ኦድጌይር ከሞት የተረፈ አንድ መርከበኛ የሰጠውን ምስክርነት የቀዳው ባለፈው ሳምንት ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች።

«ኦድጌይር ማሽኑ ላይ ‹ኢ፦ ጀልባዋ› ብሎ ወረቀት ለጥፏል። ገዳዩ ወረቀቱን አምኖ፣ ሳይከፍት ‹ኢ›ን ደመሰሰ። ከዚያ በፊት ጠዋት መብራት ሲሄድና ሲመጣ ግን የዲስኮቹ ስሞች ተቀያይረው ነበር። የጠፋው በሌላው ዲስክ የነበረው የመዘምራን መዝሙር ነው።»

ቶርፊ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሶልቬግ ስሞቹ ይቀያየራሉ እያለች ዓመት ሙሉ የጮኸች ናት፤ ወረቀቱን አታምንም። ግሮአ ማሽኑን አታውቀውም። አንተ ግን የትኛው እንደጠፋ ሳልነግርህ የጀልባዋ ነው አልክ። የጀልባዋ መስሎት የነበረው የደመሰሰው ሰው ብቻ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ቶርፊ።»

የሶልቬግ እንባ መጣ። ሽማግሌው ስሞቹን እንድታስተካክል እሺ ብሏት ቢሆን ኖሮ የካሪ እውነት አብሮት ይቀበር ነበር። «እንኳንም እምቢ አልከኝ» አለች በለሆሳስ፣ እጇንም ወደ ማሽኑ ሰደደች።

«አትክፈቺው» አለ ቶርፊ።

ከፈተችው። የመርከበኛው ሻካራ ድምፅ ወጣ፦ «ቀዳዳ አላት አልነው። ቶርፊ ግን ባሕር ካልወጣችሁ ከነገ ጀምሮ ሥራ የላችሁም አለን። ካሪ...»

«ዝጊው አልኩሽ!»

«አሥራ አንድ ዓመት ዘግተነዋል» አለችው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችና ወደቡ እንዲሰማ መስኮቱን በረገደችው።