በካልሲዬ ይዤው የወጣሁት ኖታ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። ዘመድ ተሰብስቦ አንዱ «ቤታችን ውስጥ ኮቴ ይሰማል» ብሎ ሲጀምር ተነስቼ ውሃ ልጠጣ የምሄድ፣ አንዳንዴም ፊት ለፊት «ተው ባክህ፣ አይጥ ነው» ብዬ የማሳፍር ሰው ነኝ፣ ሕልም ሲፈታም እስቃለሁ፣ በዚህ ጠባዬ የተቀየመኝ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፤ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ነገሩ የሆነው አትላንታ ነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ አካባቢ። በዲቪ መጥቼ በሁለተኛው ዓመት አገር ቤት ሄጄ ዘነቡን አገባሁና እሷን ለማስመጣት ወረቀት ጀመርኩ፣ ለዚያ ደግሞ ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ተጠየቅኩ። ሥራውን ያስገባችኝ ሄለን ናት። ስኔልቪል የሚኖሩ የአገሬ ሰዎች ልጅ ናት፣ እዚሁ ያደገች፣ እዚሁ የተማረች፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኖርክሮስ ውስጥ የድሮ ሰነዶቹን የሚያስቀምጥበት መጋዘን ኃላፊ ነበረች።

«ጋሼ፣ ኢዚ ጆብ ነው» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «ግን ፕሊስ፣ አንድም ወረቀት ከዚህ ሩም እንዳይወጣ፣ ላይክ፣ ኔቨር። ያስገባሁህ እኔ ነኝ፣ አንድ ነገር ከጠፋ ሁለታችንንም ፋየር ያደርጉናል።»

ሥራው እውነትም ቀላል ነው፣ በእስክሪብቶ መጻፍ ክልክል፣ ሁለት ፎልደር አንድ ላይ መክፈት ክልክል፣ በተረፈ ከአሮጌ ወረቀት ላይ የዛገውን ስፒል በጥንቃቄ እየነቀሉ፣ ቅጠሉን ቆጥሮ ቁጥሩን ፎልደሩ ላይ በእርሳስ መጻፍ ነው። እኔ የደረሰኝ የአንድ እንግሊዛዊ ሙዚቃ ደራሲ ወረቀት ነበር፣ ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፣ ስሙን አልጠራም። ፖለቲከኛ ነበር፣ ሥራ ላቆሙ ሠራተኞች ማርሽ፣ ለሰልፈኛ መዝሙር፣ ለሠራተኛ ማኅበር መዘምራን ምናምን ሲደርስ የኖረ። ኖታ ማንበብ አልችልም፣ ግጥሙን ግን አነባለሁ፣ ተነሱ ነው፣ ታጠቁ ነው፣ ነጋ ነው።

ጠላሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመጀመሪያው ካርቶን ጀምሮ ጠላሁት። እኔ በልጅነቴ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ እየተገፋሁ ተነሱ ታጠቁ ብዬ የዘፈንኩ ሰው ነኝ፣ ያ ዘፈን ማንን ቀስቅሶ ማንን እንዳስተኛ አውቃለሁ። ታላቅ ወንድሜን ግርማን የወሰዱት በአንድ የተከለከለ ወረቀት ሰበብ ነው። በአሰሳው ቀን ቦት ጫማ ከቤት ቤት እየቆመ ወደኛ ሲመጣ፣ ግርማ ወረቀቱን አራት አጥፎ «ካልሲህ ውስጥ ክተታት፣ ልጅን አይፈትሹም» ብሎ ሰጠኝ። እኔ ፈራሁ። ዞር ሲልልኝ ፍራሽ ስር ወሸቅኳት፣ ከዚያው አገኟት፣ ግርማም አልተመለሰም። ይህን ለእናቴም፣ ለዘነቡም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እንግዲህ ይህ ሰውዬ ሎንደን ምቾቱ ላይ ተቀምጦ ታጠቁ ሲል ሳነብ ደሜ ይፈላ ነበር፣ ከካርቶኖቹ አንዱ ውስጥ ያገኘሁትን ፎቶውንም ጠዋት ጠዋት «ነጩ ካድሬ፣ እንዴት አደርክ» እያልኩ እሰድበው ነበር፣ ጮክ ብዬ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ሄለን ለስብሰባ ወጥታ ብቻዬን ነበርኩ። በሩ በካርድ ካልሆነ አይከፈትም፣ ሲከፈትም ቲን ይላል፣ ይህን ያዙልኝ። አንድ ፎልደር ስከፍት ሁለት ቅጠል ፊትና ፊት ተገጥሞ አራቱም ማዕዘን ላይ በስፒል ተወግቷል፣ ውስጡ እንዳይታይ ያደረገው ይመስላል። ነቀልኩት። አንደኛው ባዶ ነው፣ ሁለተኛው በእርሳስ የተጻፈ ኖታ ነው፣ ከራስጌው ማጭድና መዶሻ፣ እንደ ልጅ ሥዕል የተንጋደደ። «አሃ፣ ይቺን ደግሞ ለምን ደበቅካት፣ ፈሪ» አልኩት።

ያኔ ከመደርደሪያዎቹ መጨረሻ ኮቴ ሰማሁ።

ሄለን ስኒከር ነው የምታደርገው። ይሄ ግን ቦት ጫማ ነው፣ የአንድ ሰውም አይደለም። በሩ ቲን አላለም። ትንሽ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ የካርቶን ክዳን ሲነሳ ይሰማኛል፣ መልሶ ይራመዳል፣ ወደ ቀጣዩ መደርደሪያ ይመጣል፣ ይቆማል። እመኑኝ፣ ያንን አረማመድ አውቀዋለሁ፣ ከቤት ቤት የሚቆም አረማመድ ነው። ጥግ ላይ ደርሶ ሊዞር ሲል እጄ እኔን አላማከረም፣ ወረቀቱን አራት አጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኮቴው ቆመ። ዞሬ ባይ ማንም የለም፣ ካርቶኖቹ ሁሉ ግን ተከድነዋል፣ አንድም የተነካ የለም። ከዚያ በኋላ ጃኬቴን እንዴት እንደለበስኩ አላስታውስም፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ስቆም ቁርጭምጭሚቴን አንድ ነገር ቧጠጠኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሌባ ሆኛለሁ። ሥራዬ፣ የሄለን ስም፣ የዘነቡ መምጣት፣ ሁሉም ካልሲዬ ውስጥ ነው።

ቅዳሜና እሁድ መጋዘኑ ዝግ ነው፣ እስከ ሰኞ መጠበቅ ነበረብኝ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ያው ኮቴ መጣ። የታችኛው ጎረቤቴ በር ላይ ቆመ። የፊት ለፊቱ በር ላይ ቆመ። የኔ በር ላይ ሲደርስ ቆመና አልሄደም፣ በበሩ ቀዳዳ ሳይ ባዶ ነው፣ ትንፋሽ ግን እሰማለሁ፣ የኔ ነው እንዳልል እኔ ትንፋሼን ይዤዋለሁ። እሁድም እንዲሁ። በልቤ «እመልሰዋለሁ፣ ተወኝ» አልኩ፣ ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

ሰኞ ማልጄ ወረቀቱን ካልሲዬ ውስጥ እንዳለ ይዤው ገባሁ። ሄለን ቀድማኛለች፣ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተው ያው ፎልደር ነው፣ እየቆጠረች ነው።

«ፎርቲን፣ ልክ ሊስቱ ላይ እንዳለው፣ ፐርፌክት» አለች። «ዓርብ ሳትጨርሰው ሄድክ እንዴ፣ ጋሼ? አር ዩ ኦኬ? ፊትህ ጥሩ አይደለም።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ማጭዱና መዶሻው እንደተንጋደደ፣ አራቱ የስፒል ቀዳዳ ከነዝገቱ፣ ወረቀቱ እዚያው ነው። አራት ታጥፎ እንደነበር የሚያሳይ እጥፋትም አለበት።

«ማነው ያጠፈው?» አልኳት።

«ኖ፣ ኖ፣ ይሄ ኦልድ ነው» አለች እጥፋቱን በጥፍሯ ሳትነካ እያሳየች። «ሲ? ውስጡ ቡናማ ሆኗል፣ ላይክ፣ ስድሳ ዓመት ይሆነዋል። ሰውየውን ፖሊስ ይከታተለው ነበር፣ ዩ ኖው፣ ቤቱን ፈትሸውታል። ጫማው ውስጥ ምናምን ደብቆት ይሆናል።»

እኔ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚቧጥጠኝን እየሰማሁ ቆሜያለሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አወጣሁት፣ ያው ራሱ ነው፣ ቀዳዳው፣ ዝገቱ፣ እርሳሱ በጣት ሲነካ የሚያጠቁረው ሳይቀር። ልመልሰው አልቻልኩም፣ ቁጥሩ ሙሉ ነው፣ አሥራ አምስተኛ ከየት አመጣህ ብባል ምን እላለሁ? በዚያ ቀን ሰውየውን መስደብ ተውኩ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም፣ እሱም ይቅር ያለኝ አይመስለኝም።

ደብዳቤውን አገኘሁ፣ በዓመቱ ዘነቡ መጣች። ወረቀቱን ከመምጣቷ በፊት መኪናዬ ትራንክ ውስጥ፣ ከስኮርታው ስር፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር፣ ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። በመጣች በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ ሳሎን ጫማዬን እያሰርኩ ነው።

«ታዴ» አለችኝ ከውስጥ፣ «ይሄ ፍራሽ ስር የወሸቅከው ምንድን ነው?»

ገባሁ። ወረቀቱን አራት እንደታጠፈ ይዛዋለች። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች።

«ሰው እየመጣ ነው መሰለኝ» አለች፣ «ደረጃው ላይ።»

እኔም ሰምቻለሁ፣ የታችኛው ጎረቤት በር ላይ ቆሟል። ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልኩና ካልሲዬን ዝቅ አደረግኩ።