ያላለቀው የፊደል መዘውር

ልጅቷ የሱቁን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ወጣቱ ጓንት አጥልቆ ዕቃ የሚቀርጽበትን ፕሪንተር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ ሬዚኑን፣ እያጣራ ነበር። ቀና አለና ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ዕቃው ከእጁ አምልጦ ሬዚኑ ጫማዋ ላይ ተደፋ።

«ውይ! ይቅርታ እህቴ!»

«ጫማውስ ይታጠባል» አለች። «ይሄን ግን ትሠራልኛለህ?»

ከቦርሳዋ ያወጣችው በእጅ እየተጨመቀ ፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ ፊደል የሚያሳብጥ መለያ ማተሚያ ነው። አናቱ ላይ ያለው መዘውር የፈረንጅ ፊደል ብቻ ይዟል።

«በእኛ ፊደል አድርግልኝ። አባባ በጣቱ እንዲያነበው ነው።»

አባቷ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ዐይናቸው ከድቷቸዋል። እሷ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ናት፤ በወሩ መጨረሻ ለአንድ ዓመት ሥራ ሌላ ከተማ ትጠበቃለች።

«መድኃኒቱን ብቻውን ለይቶ ሲያነሳ ሳላይ ግን ንቅንቅ አልልም።»

መዘውሩ አርባ ፊደል ብቻ ስለሚይዝ ለቤቱ የሚበቁትን አብረው መረጡ። ያ ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለው ወጣት የመጀመሪያውን ገልብጦ መቅረጽ ሲገባው ረስቶት፣ «ጨው» የሚለው ቃል ዞሮ ወጣ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱም በዚያች ሳቅ አለቀለት።

ሁለተኛው መዘውር እንከን አልነበረውም። ጉዱም ይሄ ነው፤ ካስረከባት ትሄዳለቻ! በየሳምንቱ አንድ ቁራጭ ናሙና እያተመ ይሰጣትና መዘውሩን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል።

«ዛሬስ?»

«ሬዚኑ በደንብ አልጠነከረም...»

«ዛሬስ?»

«ጠርዙ ትንሽ ተጣሟል...»

ምግብ አልወርድ፣ ወንበር አልመች አለው። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ በሩን ያያል። ስትመጣ ደስታውን አይችለውም፤ ስትወጣ ራሱን ይረግማል።

በአራተኛው ሳምንት አባትየው ክንዷን ይዘው መጡ። ከኪሳቸው ሦስት ቁራጭ ጥብጣብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ በየሳምንቱ የላክልኝ ናሙናዎች ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰዓት ጥርስ በጣቴ የለየሁ ሰው ነኝ። ምንም ልዩነት የላቸውም። መዘውሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ምን አስበህ ነው የያዝከው?»

ክው አለ።

«እውነት ነው?» አለች እሷ።

መሳቢያውን ከፍቶ መዘውሩን ከነማተሚያው አወጣ።

«እኔ አባባን ለማን ልተወው ብዬ እንቅልፍ ሳጣ፣ አንተ ትቀልድብኛለህ?!»

«አልቀለድኩም! ካለቀ ትሄጃለሽ ብዬ ነው... ወደድኩሽ። አጥፍቻለሁ።»

ሁለቱንም ከእጁ ነጠቀችው። አባቷን ይዛ ወጣች።

አምስት ቀን እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ከረመ። በስድስተኛው ቀን አላስችለው ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ቤታቸው ሄደ። በሩ፣ መሳቢያው፣ የስኳሩ ጣሳ ሁሉ መለያ ተለጥፎበታል። አባትየው ከመድኃኒቶቹ መሃል «የጠዋት» የሚለውን ዳብሰው አነሱና ፈገግ አሉ። ጥግ ላይ ሻንጣዋ ቆሟል።

«ይቅር በሉኝ አባባ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። ከእሷ ጋር ተወጣው!»

እሷ አንድ ወረቀት ዘረጋችለት።

«አንድ መዘውር ቀርቶኛል። አራት ፊደል ብቻ ነው። መቼ ይደርሳል?»

ወረቀቱን አየ፦ ጠ ብ ቀ ኝ።

«ዛሬ!» አለ።

«ሰበብ የለም?»

«የለም!»

እየሮጠ ሄደ። መዘውሩን ቀርጾ፣ አጥቦ እስኪያጠነክረው ድረስ አንዴም አልተቀመጠም። እሷም ማተሚያውን ይዛ ሱቁ መጣችና በገዛ እጇ ጨምቃ ቃሉን ፕሪንተሩ ክዳን ላይ ለጠፈችለት። በማግስቱ ሄደች።

ዓመቱን ሙሉ እሁድ እሁድ የአባባን ቤት የተላቀቁ መለያዎች ይለጥፋል፤ በሌላው ቀን በሩን ያያል፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቃል ይዳብሳል።

በዓመቱ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። መጀመሪያ ያየችው ክዳኑን ነው። ፊደሎቹ በጣቱ አልቀው ለጥ ብለዋል።

«ምነው እንዲህ ፋቅከው? አዲስ ላትምልህ?»

«አያስፈልግም» አለ፤ ዐይኑ እንባ ሞልቶ። «መጥተሻላ!»

ሻንጣውን ተቀበላትና አባባ ወደሚጠብቁበት ቤት አብረው ሄዱ።