ጫፉ የተቀበረ ቀለበት

ዓለምነው ከእንጅባራ ዳንግላ የሚመላለሰው ለዘንባባው ነበር። ሰርክአዲስ መጀመሪያ ያወቀችው ይህን ብቻ ነው።

ቀራፂ ነው። እንጅባራ ላይ ለሚከፈት አንድ አዳራሽ ከዋንዛ ግንድ ትልቅ ዘንባባ ይፈለፍላል፤ ለዚያም ሟቹ አባቷ እሷ በተወለደች ዓመት ግቢያቸው ውስጥ የተከለውን ዛፍ እያየ ሊነድፍ ፈቃድ ጠየቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። እሷ ውኃ ሰጥታው ቶሎ ወደ ቤት ትገባለች።

አንድ ቅዳሜ ግን ቆም አለች።

«አባቴ በየሆሳዕናው ከዚህ ቅጠል ቀለበት ይሠራልኝ ነበር። ጣቴን እንዳይቧጭረኝ ጫፉን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል።»

እርሳሱን አቁሞ አያት። ለምን እንደነገረችው ለራሷም ግራ ገባት።

የሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኙት። ለእናቷ ለወይዘሮ ሽታዬና ለጎረቤታቸው ለሶስና በእጁ ከያዘው የዘንባባ ቀለበት አደላቸው። የሰርክአዲስን ግን ከጃኬቱ ኪስ አወጣው።

«እንኳን አደረሰሽ» ብሏት ሄደ።

ለምን ከኪሱ? በእጁ የያዘው አልቆ ይሆናል። ደግሞስ በሆሳዕና ቀለበት የማይሰጥ ማን አለ?

ወይዘሮ ሽታዬ ቀለበቱን እያገላበጠች ስታይ ደረሱባት። «አንቺ ልጅ፣ ለእኔም እኮ ሰጥቶኛል። እኔንም ሊያገባኝ ይሆን?»

«እማዬ ደግሞ!»

ፋሲካ አለፈ፤ እሱ አልመጣም። ዓርብ ዕለት፣ እንጅባራ የምትሠራው ሶስና ወሬ ይዛ መጣች።

«ያ ቀራፂ ሰኞ ጠቅልሎ ባሕር ዳር ሊሄድልሽ ነው። ደውይለት እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

ስልኩን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ተሳስታ ቢሆንስ?

ቤት ስታጸዳ የእናቷን ቀለበት መስኮቱ ላይ ደርቆ አገኘችው። ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቷል። ሶስና ቤት ሄዳ የእሷንም አየች፤ ያው ነው። የራሷን ከመጽሐፏ መሃል አውጥታ በጣቷ ዳሰሰችው። ጫፍ የለውም። ወደ ውስጥ ተቀብሯል።

ከአባቷ ዛፍ ቅጠል ቆረጠች። ቀለበት ሠርታ አታውቅም፤ ሦስት ጊዜ ፈታችው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እንጅባራ ገባች። ዓለምነው አዳራሹ ውስጥ የእንጨቱን ዘንባባ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል።

«ሰርክዬ! በሰላም ነው?»

አቧራ በለበሰው መዳፉ ላይ አረንጓዴውን ቀለበት አኖረችለት።

«ሆሳዕና እኮ አለፈ» አላት ግራ ተጋብቶ።

«አውቃለሁ» አለች፤ ፊቷ ጋለ። «አንተ በበዓሉ ተደብቀህ ሰጠኸኝ። እኔ መደበቂያ የለኝም።»

ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ዝም ስትዪኝ አልፈለገችም ብዬ ነው የቀረሁት።» ቀለበቱን ጣቱ ላይ አጠለቀና ፈገግ አለ። «ይሄ ግን ይቧጭራል።»

«አልሆነልኝም።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ስመጣ ታስተካክይልኛለሽ።»

«ለምን ትመጣለህ? ዘንባባውን ነድፈህ ጨርሰሃል እኮ።»

«እሱንማ የጨረስኩት በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው» አላት።