የኮች እታገኝ ፊሽካ

ፊሽካው ሲጮህ የቡድኑ ልጆች በሙሉ ወደ ሜዳው ሮጡ። ነጅላ ግን የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ባለችበት ቀረች።

«ሸራውን! መጀመሪያ በዚያ በኩል ያለውን ሸፍኑ!» ይላሉ ኮች እታገኝ፣ በአንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ። ከየቡ ከተማ በላይ ካለው ኮረብታ የወረደው ጥቁር ደመና ወፋፍራም ጠብታዎች መጣል ጀምሯል። ሜዳው ደግሞ ከግብ እስከ ግብ ቡና ተሰጥቶበታል።

ቡናው የነጅላ አባት የአሊ ነው። በሽቦ ማድረቂያ አልጋዎች ላይ ዘርግቶት ሜዳቸውን ከያዘባቸው ሰነበተ። ርዕሰ መምህሩ «ለጥቂት ቀን ነው» ብለው ፈቀዱለት፤ ጥቂቱ ቀን አላልቅ አለ። ቅዳሜ ከጅማ የሚመጣ የሴቶች ቡድን ይገጥማቸዋል። እስከዚያ ሜዳው ካልተለቀቀ ጨዋታው ሳይጀመር በፎርፌ ይሸነፋሉ። አምበሏ ነጅላ ናት። ልጆቹ ፊት ለፊት ምንም ባይሏትም፣ ስታልፍ ዝም ይላሉ። ከስድብ ይልቅ ዝምታቸው ያንገበግባታል።

ኮች እታገኝ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፖርት መምህሩ ተቀይረው ከሄዱ ወዲህ ቡድኑን የያዙት እሳቸው ናቸው። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ማንም አይከፍላቸውም። ማሊያ ይሰፋሉ፣ የሜዳውን መስመር በአመድ ያሰምራሉ፣ «ሴት ልጅ ኳስ አትጫወትም» የሚል አባት ቤት ድረስ ሄደው ይለምናሉ። ከተጫዋቾቹ አንዷ የሆነችውን የኢፍቱን አባት ለማሳመን ስንቴ እንደተመላለሱ ኢፍቱ ራሷ አታውቅም።

በቀደም ለዚሁ ሜዳ ሲሉ እነነጅላ ቤት መጥተው ነበር። ነጅላ በመስኮት ሁሉንም ሰምታለች።

«አቶ አሊ፣ እባክዎ ለቅዳሜ ብቻ ያንሱልን።»

አባቷ ተቀመጪ እንኳ አላላቸውም። «ልጅሽ በማይማርበት ትምህርት ቤት ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አላቸው።

በዕድሜ ይበልጡታል። እሳቸው እርስዎ ይሉታል፣ እሱ አንቺ ይላቸዋል። ነጅላ ደሟ ፈላ። ኮች ግን «እሺ፣ ያስቡበት» ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

እና ዛሬ የዚህን ሰው ቡና ከዝናብ አድኑ ብለው ፊሽካ ይነፋሉ።

«ነጅላ፣ ምን ይገትርሻል?» አሉ ኮች።

«ይሻግት» አለች። «የእኛ ቡና አይደል? እኔ ፈቅጃለሁ።»

«እውነቷን ነው» አለች ሩት፣ የሸራ ጫፍ እየጎተተች። «ሰውየው ሙድ ይይዝብናል፣ እኛ ቡናውን እናለብስለታለን። ፋራ ነን እኮ።»

«ቡናው ምን አጠፋ?» አሉ ኮች። «ዝናብ ሲመጣ የማን ነው አይባልም። እዚህ አድጋችሁ ይሄንን አታውቁም?»

ያውቃሉ። በየቡ የተጣላ ጎረቤት እንኳ ጠብታ ሲሰማ ሮጦ የጠበኛውን ቡና ያለብሳል፤ ጠቡን በኋላ ይመለስበታል። ነጅላን ያናደዳት ይኸው ነው። አባቷ ሲፈልግ ብቻ ነው የአገሩ ልማድ የሚሠራው። ነፋሱ ትልቁን ሸራ ጫፉን ከያዙት ከኮች ጋር ሲጎትተው ግን እግሯ አልቆም አላት። ሮጣ ሌላውን ጫፍ ያዘች።

ዝናቡ ሲያባራ ቡናው ደረቅ ነበር፤ እነሱ ግን ውሃ ውስጥ የተነከረ ልብስ ይመስላሉ። አባቷ በፒካፑ መጣ። ከሸራው ሥር አንድ እፍኝ ያልተፈለፈለ ጀንፈል አንስቶ ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው፤ ፍሬው ደርቆ ይንኳኳል። ፈገግ አለ።

«ጎሽ» አለ ወደ ኮች ዞሮ። «ከእንግዲህ ከዚህ አትጥፊ፤ ሰማዩ አያስተማምንም።»

ቃሉ ነጅላ ደረት ውስጥ እንደ ፍም ቀረ። ዘበኛ አደረጋቸው። አመሰግናለሁ የምትለዋ ቃል ይህን ያህል ትከብዳለች?

«የቅዳሜውስ ነገር፣ አቶ አሊ?» አሉ ኮች፣ ነጠላቸውን እየጨመቁ።

«ኳስ የትም ይጠለዛል። ቡና ግን ቦታ ይፈልጋል።»

«አባ፣ ግቢያችን ባዶ ነው» አለች ነጅላ።

ግቢያቸው ከሜዳው ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ለወንድሟ ሠርግ ተብሎ ዳር እስከ ዳር ሸክላ ተነጥፎበታል።

«አዲሱን ንጣፍ በቡና ላበላሸው?» አለና በኦሮምኛ ጨመረ፦ «ዲሲ! ተይ አልኩሽ።» ስልኩ ጠራ፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው ማውራት ጀመረ።

ነጅላ ሜዳውን አየችው። የአልጋዎቹ እግሮች የፍጹም ቅጣት ምቱን ክልል ሰርጉደውታል። ኮች ጠጠር እየለቀሙ፣ ሣር እየተከሉ ያስተካከሉት ቦታ ነበር። የእሱ ንጣፍ ይበላሻል፣ የእነሱ ሜዳ አይበላሽም።

ለማንም ሳትናገር መንገዱን ተሻገረች። ለመኪና ብቻ የሚከፈተውን ትልቁን የብረት በር ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ እንዳይዘጋም ሁለቱንም ክንፍ በድንጋይ አስደገፈችው። ተመልሳ ኮች ፊት እጇን ዘረጋች።

«ፊሽካውን ይስጡኝ።»

ኮች የተከፈተውን በር አዩ፣ ከዚያም አባቷን። «ይቆጣሻል፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

የፊሽካውን ክር ከአንገታቸው አወለቁ። ነጅላ ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው። ልጆቹ ተሰበሰቡ። ከአባቷ የቡና መጋዘን በኩል የቀን ሠራተኞቹም እየሮጡ መጡ፤ በየቡ ፊሽካ የሰማ ሰው መጀመሪያ ይደርሳል፣ ኋላ ይጠይቃል።

አባቷ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ዞረ። ነጅላ ዓይኑን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን አልጋ ጫፍ ያዘች።

ኢፍቱ ሌላውን ጫፍ አነሳች። «ወዴት ነው?»

«ወደ እኛ ቤት» አለች ነጅላ።