ፊት ያልነበረው ጀግና

በዲልማር መንግሥት፣ ጥጥ በሚፈነዳበት ወር፣ የንጉሥ ራታንሻ ታላቅ መጽሐፍ አንድ ማለዳ ሲገለጥ ተሥሎ የነበረው ዘንዶ ከገጹ ላይ ጠፍቷል። ተራራው አለ፤ ሰይፉን የመዘዘው ጀግናም በፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ዘንዶው ተጠቅልሎበት የነበረው ቦታ ግን ቀለም ነክቶት እንደማያውቅ ወረቀት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በዚያው ቀን ከሰሜን የመጡ መልእክተኞች የሻሪ ወንዝ መንጣቱን ተናገሩ። ዘንዶው የሚጠጣው ውሃ ሳይሆን ቀለም ነበርና፣ ያለፈበት ማሳና የተነፈሰበት ሰው ሁሉ ይነጣል፤ ከነጣ በኋላም ይጠፋል።

ይህን ጉድ ያመጣው ጠላት አይደለም፤ ፍቅር ነው። መጽሐፉ ከተራሮች ማዶ በመጣው በዛርዲ ቋንቋ የተጻፈ የጥንት ግጥም ሲሆን፣ የዲልማር ሠዓሊዎች በየገጹ ሥዕል ሠርተውለታል። በሥዕል ቤቱ ሥርዓት አንዱ ይነድፋል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል፤ ፊትን ግን ለፊት ብቻ የተመደበ እጅ ይሥለዋል። ያ እጅ የሩክሚ ነበር። ሩክሚ የዘንዶውን ገጽ ሳትጨርስ ሞተች፤ የጀግናው ፊትም ባዶ ቀረ። ንጉሡ በሐዘኑ ብዛት «የእርሷን ገጽ ሌላ እጅ አይነካውም» ብሎ መጽሐፉን እንዲሁ አስጠረዘው። ደግ ሐሳብ ነበር። ግን ዓይን የሌለው ጠባቂ ዘንዶን እስከ መቼ ይዞ ያቆያል?

ሩክሚ ሁለት ልጆች ትታ ነበር። ናልካ የእናቷን ብሩሽ ወርሳ ፊት ትሥላለች። ታናሽ ወንድሟ ማዳቭ ደግሞ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሰማይ ቀብቶ የዋለ ዕለት ጆሮው ሳይቀር ሰማያዊ ሆኖ ይገባል። እናታቸው ስትሞት ናልካን የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወንድምሽን አደራ»።

ቀስትና ሰይፍ ይዘው የዘመቱት ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ የዛርዲ አንባቢው ሽማግሌ ሚርዛድ በዙፋኑ ፊት ቆሞ ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ስንኝ በቃሉ ተረጎመ፦ «ዓይኑን ከዘንዶው አልነቀለም፤ ዘንዶውም ከፊቱ አልተነቃነቀም።»

«ጃንሆይ» አለ፣ «ጀግናው ፊት ያሻዋል። ፊቱም ዘንዶውን ትክ ብሎ ከሚያይ ሕያው ሰው ይወሰዳል። የዚህ መጽሐፍ ሕግ ይህ ነው፤ የሕያው ሰው ዓይን በተሣለ ቅጽበት ሰውየው ወደ ገጹ ይገባል፣ አይመለስም። እኔ ዕድሜዬን ጠግቤአለሁ። እኔ እቆማለሁ።»

ናልካም ተንበርክካ «በእናቴ ብሩሽ እምላለሁ!» አለች። «ዘንዶውን ወደ ገጹ ሳልመልስ የዲልማርን ደጅ አልረግጥም!»

ናልካ፣ ማዳቭና ሚርዛድ መጽሐፉን በፈረስ ጭነው ወደ ሰሜን ሄዱ። መንገዱ ሁሉ ነጭ ነበር። አንዲት እናት ከባዶ አንቀልባ ፊት ተቀምጣ አዩ፤ ምን እንደጠፋባት የጠየቃት የለም። ማዳቭ ቀለሞቹን በዛጎሎች ሞልቶ በደረቱ ይዟል፤ በዚያ አገር የቀረው ቀለም ያ ብቻ ነበር።

ዘንዶውን ከሻሪ ምንጭ አገኙት። ናልካ ገጹን በጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ሚርዛድም አንገቱን አቅንቶ ፊት ለፊት ቆመ። ዘንዶው ግን አልቆመም። ለካስ ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን ሲያነብ ዓይኖቹ ደክመው፣ የሚያየው ጭጋግ ብቻ ኖሯል! ይህንንም አፍሮ ለማንም አልተናገረም። ዘንዶው አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሚርዛድ «ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ» እንዳለ ነጣ፤ ከዚያም ጠፋ።

ናልካ ከመጮኋ በፊት ማዳቭ በሽማግሌው ቦታ ቆሞ ነበር። ዘንዶውን ትክ ብሎ አየው፤ ዘንዶውም ባለበት ደረቀ።

«እትዬ፣ ሣዪኝ።»

«አንተን አይደለም! ና፣ ተመለስ!»

«ዓይኔን ከነቀልኩ ሁለታችንም የለንም። ሣዪኝ።»

ብሩሿን ነክራ ጀመረች። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ገና ጢም ያላበቀለውን አገጩን ሣለች። የብሩሿ ጫፍ ባረፈ ቁጥር ዘንዶው በጥቂቱ ወደ ገጹ ይሳባል።

«ትንሽ ወደ እኔ ዙርልኝ» አለችው። «በጎን ከሣልኩህ የሚኖርህ አንድ ዓይን ነው። እርሱም ዘንዶውን ብቻ ያያል። ዳግመኛ አታየኝም፣ ማዳቭ።»

«አውቃለሁ። በጎን ሣዪኝ።»

የቀረው የዓይኑ ብሌን ነበር። ዘንዶው ከወገቡ በታች ገጹ ውስጥ ተይዟል፤ ፈረሱም ቅርብ ነው። የወንድሟን እጅ ይዛ ብትሮጥ ማዳቭ ይተርፍላት ነበር። የእናቷ አደራ በአንድ ወገን፣ ያ ባዶ አንቀልባ በሌላው ወገን ሆነው ልቧን ለሁለት ቀደዱት።

«ጨርሺው፣ እትዬ» አላት ሳይዞር። «ዓይኔ እየደከመ ነው።»

እንባዋ ገጹ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን በትከሻዋ ጠረገች። ነጥቧንም አሳረፈች።

ወንዙ ወደ መልኩ ተመለሰ። ናልካ ቀና ስትል በወንድሟ ቦታ የነበሩት ዛጎሎቹ ብቻ ናቸው። ሰማያዊው ገና አልደረቀም።

ዲልማር ነጋሪት አስጎሰመች፤ ንጉሡም ናልካን የወርቅ ካባ አለበሳት። እርሷ ግን ካባውን አጥፋ አስቀምጣ ወደ ሥዕል ቤቱ ገባች። የዚያ አገር ሠዓሊዎች ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የሚደነቅ ሰው መሣል ይወዳሉ። ናልካም ከዘንዶው ጀርባ፣ የማዳቭ ዓይን በሚያርፍበት መስመር ላይ፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ሴት ጨመረች። መልኳ የራሷ የናልካ ነበር፤ ዓይን ብቻ አልሣለችላትም።

ንጉሡ አይቶ ደነገጠ። «ፊት በማጉደላችን ይህን ሁሉ ከፍለን፣ አሁንም ዓይን ታጎድያለሽን?»

«ጃንሆይ፣ አልረሳሁትም» አለችው። «አስቀድሜ ግን ፊት የሚሥሉ እጆች ላስተምር። ዳግመኛ አንዲት ሴት ስትሞት ገጽ ባዶ እንዳይቀር።»

ንጉሡ የመጽሐፉን ሕግ አስታወሰ፤ ሐሳቧም ገባው።

ናልካ አስተማረች፣ አረጀችም። ገጹን በገለጠች ቁጥር ወንድሟ ዘንዶውን ያያል፤ እርሷ የፊቱን አንድ ጎን ብቻ ታያለች። እጇ ከብሩሹ ይልቅ መቋሚያውን መፈለግ በጀመረበት ዓመት፣ የሥዕል ቤቱ ሰዎች አንድ ማለዳ ሲገቡ ወንበሯ ባዶ ነበር። ብሩሿ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ጫፉ ገና እርጥብ ነው። መጽሐፉም ተገልጧል።

ከኮረብታው ጀርባ ያለችው ሴት አሁን ዓይን አላት። ማዳቭ እንደ ወትሮው ፊቱን አላዞረም። ሊያያት መዞር አያስፈልገውም ነበር።