አምስተኛዋ ካርድ

ሽማግሌው የሥነ ልቦና መምህር የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፣ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች እሳቸው ያንቀላፉ መስሏቸው በሩን ቀስ ብለው ዘግተውላቸው ወጡ። አክብሮት ነው እንግዲህ፤ አክብሮትም አንዳንዴ ጊዜውን ይስታል።

ለምርመራው የመጣችውን ሴት ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እንክርዳድ አያመልጣትም ለማለት ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ክፍል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ከእኚሁ ሰው ተምራለች። ጉዳዩን ለሌላ መርማሪ ልተወው ብላ ነበር፤ አንጀቷ እምቢ አላት።

ጠረጴዛው ላይ አራት ካርዶች በመደዳ ተዘርግተዋል። ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ ደግሞ ለብቻዋ አንዲት ቀይ ካርድ አለች። በሩ ላይ የሟቹ ልጅ ቆማለች፤ ጠዋቱን ሙሉ አባቷን ስታግዝ የቆየች፣ እሷም የሥነ ልቦና ተማሪ ናት። የደረሰባትን እስካሁን ያመነች አትመስልም።

«ሙከራው ምን ነበር የኔ ልጅ?»

«ሰው አንድን ሕግ እንዴት እንደሚፈትን ነው የምናጠናው። ሕጉ ‹ባንድ ፊቱ ዓሣ ያለበት ካርድ ሁሉ ጀርባው ቀይ ነው› ይላል። ከላይ የሚታዩት ዓሣ፣ ወፍ፣ ቀይና ነጭ ናቸው። ሕጉ ውሸት መሆኑን ለማወቅ የትኞቹን ትገለብጣላችሁ? ነው ጥያቄው።»

«ዓሣውንና ነጩን።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ያውቁታል?»

«እዚሁ ክፍል ተሳስቼበታለሁ። እንደ ብዙው ሰው ዓሣውንና ቀዩን ነበር ያልኩት።»

መምህሩ ያን ዕለት ስቀው ነበር ያስረዷት። ከቀዩ ጀርባ ወፍ ቢወጣም ሕጉ አይነካም፤ ከነጩ ጀርባ ዓሣ ከወጣ ግን ሕጉ አለቀለት። «ሰው ያመነውን የሚደግፍለትን ነው የሚገለብጠው። አንቺ የሚያፈርስብሽን ገልብጪ» አሏት። የዕድሜ ልክ እንጀራዋ ከዚያች አንዲት ምክር ነው የወጣው።

ከልጅቷ ፋይል ውስጥ በእርሳስ የተሣለ የጠረጴዛ ንድፍ አገኘች። አራቱ ካርዶች፣ ብርጭቆው፣ ጥግ ላይ ያለችው አምስተኛ ካርድ፣ ሁሉም በየቦታቸው ተሥለው ቀለማቸው ተጽፎባቸዋል።

«ይሄስ?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ተማሪ ሳይገባ የሣልኩት ነው። አራት ቡድን ነበር የሚገባው፤ ለሁሉም ጠረጴዛው አንድ ዓይነት ካልሆነ ሙከራው ዋጋ የለውም። አባዬ ነው ያስተማረኝ።»

«ይቺ ለብቻዋ ያለችውስ?»

«ትርፍ ናት መሰለኝ። እሱ ነው ያስቀመጣት።»

ንድፉ ላይ አምስተኛዋ ካርድ «ነጭ» ተብላለች። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ቀይ ናት። መርማሪዋ ንድፉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። «የልብ መድኃኒት ነው። በቀን ከአንድ ፍሬ በላይ አይፈቀድም፤ እሳቸው የአራት ቀኑን ባንድ ጠዋት ወስደዋል።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ደም ለበሰ። «የእንጀራ እናቴ ናት! መድኃኒቱን የምታመጣው እሷ፣ ቁርሱን የምታቀርበው እሷ። እሱ ሲሞት ቤቱ የማን ሆነ? ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

«ቀዩን ካርድ እየገለበጥሽ ነው» አለች መርማሪዋ በለሆሳስ። ልጅቷ አልሰማቻትም፤ ሐዘን ጆሮ የለውም።

ወንፊት መጀመሪያ የሄደችው ከሟቹ ጋር ተጣልቷል ወደተባለው የሒሳብ መምህር ነው።

«አልዋሽም፣ ተጣልተናል» አላት። «ጡረታ ይውጡ ብዬ ለርዕሰ መምህሩ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አጠፉ?»

«ባለፈው ወር አንዱን ትምህርት ላንድ ክፍል ሁለት ቀን አከታትለው አስተማሩ። ቀልዱ እንኳ አልተለወጠም። ልጆቹ አክብረዋቸው ሁለተኛም ሳቁላቸው።» ድምፁ ተሰበረ። «ሁሉም ምቀኛ አለኝ። እኔ ግን አዝኜላቸው ነበር።»

እሱ ያን ጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት አርባ ልጆች ሲፈትን ነበር። መርማሪዋ ትታው ከየቡድኑ አንዳንድ ተማሪ ጠየቀች። አራቱም ቃላቸው አንድ ነው፦ «እኛ ስንጽፍ መምህራችን አንድ ፍሬ ኪኒን በውሃ ዋጡ። አንድ ብቻ።»

የሟቹ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። መርማሪዋ ስትገባ ያላለቀ የባሏን ኮት ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን ትፈታለች።

«መድኃኒቱን መቼ አመጡት እትዬ?»

«ከትናንት በስቲያ ማታ። ሠላሳ ፍሬ፣ ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት።»

«ኪሳቸው ውስጥ ያገኘሁት ጠርሙስ ሃያ ስድስት ነው።»

«አራት?» መቀሷ ቆመ። «እንዴት አራት?»

መርማሪዋ ንድፉን አወጣችና ኮቱ ላይ አኖረችው። ሴትየዋ ጥጉ ላይ ያለችውን ካርድ አየች፤ «ነጭ» የሚለውን አነበበች። ቀስ በቀስ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማነው የሣለው?»

«ልጅዎ።»

ሴትየዋ ወረቀቱን ገፋ አደረገችው። ከዚያ መቀሱን አስቀምጣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ጻፊና ውሰጂኝ። ይሄን ወረቀት ግን ቅደጂልኝ፣ በወለደችሽ።»

«እንዴት ገደሏቸው?»

«ገደልኩት አልኩሽ! ከዚህ ሌላውን ሆድ ይፍጀው።»

መርማሪዋ ያን ጊዜ ገባት፤ ምነው ባልገባኝ አለች። ንጹሕ ሴት ወህኒ እንድትወርድ መፍቀድ አትችልም። እውነቱን ካወጣች ደግሞ አንዲት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች። መንገድ ላይ ቆማ ብዙ አሰበች። መምህሯ ቢኖሩ ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ ያ ነው ያስለቀሳት።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ከፊት፣ የእንጀራ እናቷ በሩ አጠገብ፣ የሒሳብ መምህሩ መሀል ተቀመጡ። ጠረጴዛው እንደነበረ ነው፤ ማንም አልነካውም።

«እሷ ማመኗን ሰምቻለሁ» አለች ልጅቷ። «ታዲያ ምን ያሰበስበናል?»

«የእምነት ቃሏ ስለሚፈርስ» አለች መርማሪዋ። «መድኃኒቱ ቁርስ ውስጥ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ከጠርሙሱ ተማሪዎቹ ካዩት በላይ ይጎድል ነበር። የጎደለው አራት ነው። አራት ቡድን ገባ፤ እያንዳንዱ መምህሩ አንድ ፍሬ ሲውጡ አየ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው አራት ጊዜ የወሰዱት።»

«አባዬ ራሱን አላጠፋም!»

«አላጠፉም። እያንዳንዷን የመጀመሪያዋ ናት ብለው ነው የዋጧት። መምህር፣ ያዩትን ይንገሯት።»

የሒሳብ መምህሩ ሁለት ቀን ስለተደገመው ትምህርትና ስለተደገመው ሳቅ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይረሱ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሲብስባቸው ከአሮጌ የሙከራ ካርድ ባንድ ፊቷ ነጭ፣ በሌላው ቀይ የሆነች መታሰቢያ አበጁ። ነጭ ከሆነች አልወሰድኩም፣ ቀይ ከሆነች ወስጃለሁ። ሰው እንዳያውቅ አልተጻፈባትም። ከራሳቸው ይልቅ ካርዷን ያምኑ ነበር። ልክ ነኝ እትዬ?»

«ማታ ማታ ከኪሱ አውጥቼ ወደ ነጭ የምመልሳት እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይኸው ተናገርኩ፣ አሁን ይብቃ።»

«ያን ጠዋት እሳቸው ወስደው ወደ ቀይ ይገለብጧታል፤ ቡድኑ ሲወጣ ደግሞ ትመለሳለች። ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ከአራተኛው በኋላ የሚገባ ቡድን ስላልነበረ ቀይ እንደሆነች ቀረች። የሆነው ይኸው ነው። ገዳይ የለም።»

እዚህ ላይ ልታቆም ፈልጋ ነበር። ነገር ግን የመምህሩ ልጅ የአባቷ ልጅ ናት፤ ያልተገለበጠ ካርድ አይታ አታልፍም።

«ማነው የመለሳት?»

መርማሪዋ በእጇ የያዘችውን ንድፍ አጠፈችው።

«እኔ!» አለች የእንጀራ እናቲቱ ከበሩ።

«አንቺ እዚህ አልነበርሽም» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ውስጥ የቀድሞው ጥላቻ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። ንድፉን ከመርማሪዋ እጅ ወስዳ አየችው። «በየቡድኑ መሀል ጠረጴዛውን... እንደነበረ... አንድም ሳላስቀር...»

ከዚያ ጮኸች። የሒሳብ መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የእንጀራ እናቷ ሮጣ ደርሳ ጭንቅላቷን ደረቷ ውስጥ ቀበረች።

«ለምን አልነገራችሁኝም? ባውቅ ኖሮ እጄ ይነካት ነበር?»

«ልጄ እንዲህ ሆኜ ከምታየኝ ሞቴን እመርጣለሁ አለኝ። አስማለኝ፤ ማልኩለት። አንቺ ያስተማረሽን ነው ያደረግሽው የኔ ዓለም፣ እሱ ያስተማረሽን ብቻ።»

«እኔ እኮ... ገዳይ ብዬሻለሁ።»

«በይኝ። ችዬው ነበር፤ እሱ ይቀለኝ ነበር።»

መርማሪዋ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለችም። ሥራዋ ስለሆነ ብቻ የማስረጃውን ፖስታ ከፍታ ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመረች። ዓሣውን፣ ወፉን፣ ቀዩን፣ ነጩን አነሳች። እጇ ወደ አምስተኛዋ ሲሄድ ልጅቷ ከእንጀራ እናቷ ደረት ቀና አለች።

«እሷን አይንኳት» አለች። «እንደሆነች ትቆይ።»