ውሃውን ትሰማለች

ይህ የሆነ ነገር ነው። የልጅ ልጄ ሔን "አያቴ፣ ተው፣ ማንም አያምንህም" ብላኛለች። የሚያምን ይመን።

ጨለማ የለበትም። በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው። በቀትር። እዚሁ ሀደራ ከተማ፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ውስጥ ነው የጀመረው...

ስሜ ፈጠነ ነው፤ ካገር ቤት የመጣሁ አይሁዳዊ ነኝ። ባሕሩ ዳር፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር እኖራለሁ፤ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ነው የቀረኝ። እኔ አንሶላውን ከማድረቂያው አወጣለሁ፤ ዋኤል ያጣጥፋል።

ዋኤል ሙስሊም ነው። እዚህ አቅራቢያ ካለ የዓረብ መንደር ተወልዶ፣ ሲያገባ ከተማ የገባ። ሲቆም በር የሚሞላ ሰው። በዕብራይስጥ ነው የምንግባባው። "ሐጅ" እያለ ይጠራኛል፤ መካን በፎቶ ካልሆነ አይቼ እንደማላውቅ እያወቀ።

ቀትር ሲሆን ለጸሎት ይታጠባል። እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ፣ እግሩን።

"ኧረ ለእኛም ተውልን!" እለዋለሁ።

"እናንተ ሰንበት ሲገባ ወንዝ ሙሉ ስትጨርሱ ማን ተናገራችሁ?" ይለኛል።

አንድ ቀን ግን...

ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ወረደ። እጁን አላስገባም።

ዞር ብሎ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። አቧራውን ፊቱ ላይ አበሰ፤ እጆቹ ላይ አበሰ።

ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል...

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን።

እኔ ወንዝ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቶቻችን ውሃ ሳይነኩ ወደ ቤት አይገቡም ነበር። ሰው ውሃ ሲፈራ ሳይ ደስ አይለኝም። ጠጋ አልኩት።

"ምነው፣ በረደህ?"

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ የደረት ኪሱን አሳየኝ።

በሸሚዙ ጨርቅ ውስጥ የስልክ ብርሃን ይታያል። መስመሩ ክፍት ነበር።

ማድረቂያውን አስነሳሁት። ያ ማሽን ሲጮህ አጠገብህ ያለውን ሰው እንኳ አትሰማም። ዋኤል አፉን ጆሮዬ ላይ ለጠፈ።

"ማን ነው የሚያዳምጠው?" አልኩት።

"ሱሄር።"

"ሚስትህ?"

"ቀኑን ሙሉ። ውሃውን ትሰማለች። ካልሰማች..."

እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ የተቃጠሉ ቦታዎች አሉ። ትንንሽ፣ ሞላላ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ...

የሻይ ማንኪያ ቅርጽ።

"ውሃ ሲነካው ያንገበግበኛል" አለ። "ውሃ ለሚጎዳው ሰው አቧራ ይበቃዋል። ሃይማኖቴ ፈቅዶልኛል። እሷ ናት ያልፈቀደችው።"

"ለወንድሞችህ ንገራቸዋ!"

"ነገርኳቸው። ሳቁ።"

"ሼኩስ?"

"'ግፍ ነው፤ ውጣ ከዚያ ቤት' አለኝ። የት ልውጣ?"

"ፖሊስስ?"

"ይዩኝ እስቲ። እሷ እዚህ ድረስ ናት።" ደረቱን አሳየኝ። "ማንን የሚያስሩ ይመስልዎታል?"



"የልጄ የዮራም ክፍል ባዶ ነው" አልኩት። "ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ። በቃ።"

ማድረቂያው ቆመ።



"አባባ ፈጠነ" አለ ኪሱ።

ቀጭን፣ ለስላሳ የሴት ድምፅ።

"ዛሬ እኛ ቤት ይምጡ። ዋኤል ሽማግሌ ነዎት ይለኛል። ያስታርቁን።"

ሰምታን ይሆን? ዋኤል ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሽማግሌ ሲጠሩ እምቢ አይባልም። ከሥራ ስንወጣ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ አብሬው ሄድኩ።

ቤታቸው ናሕሊኤል ሰፈር ነው፣ ፎቅ ላይ። የሚያበራ ንጹሕ ቤት። ሱሄር ትንሽ፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ሐብሐብ ቆርጣ ሻይ አቀረበችልኝ።

ወንበሩ ሁለት ነው። እሷ አንዱ ላይ፣ እኔ አንዱ ላይ። ዋኤል ቆመ።

የመታጠቢያ ቤቱን በር አየሁት። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው...

ሱሄር ሻይዋን አማሰለች። ማንኪያው ብርጭቆውን ነካ። ቅጭል...

ዋኤል እጅጌውን ወደ ታች ሳበ።

እንደ ወጉ መጀመሪያ እሱን ጠየቅሁ። "ምን በደለችህ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አንቺስ ልጄ?"

"እሱ ከተናገረ እኔ ምን እጨምራለሁ?" ፈገግ አለች። "በእናንተ አገር፣ አባባ፣ ያጠፋ ሰው ምን ያደርጋል?"

ስለ ወግ ሲጠየቅ ዝም የሚል ሽማግሌ የለም። አፌ ቀደመኝ።

"ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ይንበረከካል። የተበደለው 'ተነስ' ሲለው ይነሳል፤ ድንጋዩም ይወርድለታል።"

"ተነስ ካላለውስ?"

"ኧረ ይላል!" ብዬ ሳቅሁ። "እንዴት አይልም!"

እሷ አልሳቀችም። የዋኤልን አንገት ታይ ነበር።

በር ላይ ስንሰነባበት "ነገ ጠዋት" አልኩት፣ በከንፈሬ ብቻ። ራሱን ነቀነቀ።

ጠዋት መኪናዬን ታች አቁሜ ጠበቅሁ። ሱሄር ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ አንዲት ጎረቤት አቅፋ ሳመች፤ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ዋኤል አልወረደም።

ወጣሁ። በሩ አልተቆለፈም። ከውስጥ ቧንቧ ይፈሳል...

"ዋኤል?"

ሳሎኑ መሐል ተደፍቷል። የሚጸልይ መስሎኝ ልጠብቀው ቆምኩ።

ከዚያ ማጅራቱ ላይ ያለውን አየሁ።

ትልቅ ዳቦ የሚያክል ድንጋይ። አፈሩ እንኳ አልተራገፈለትም። ጉልበቱ ሥር ስልኩ ይበራል።

"ተነስ! ተነስ ልጄ!"

"ተነስ የሚሉኝ እርስዎ አይደሉም" አለኝ፤ በሹክሹክታ።

ወደ ስልኩ አጎነበስኩ። "ሱሄር፣ ልጄ... ተነስ በይው።"

የመንገድ ድምፅ ይሰማል። የአውቶቡስ በር ሲከፈት። ትንፋሽ...

ተነስ አላለችውም።

ድንጋዩን በሁለት እጄ አንስቼ ወረወርኩት። ስልኩን አጥፍቼ እዚያው ተውኩት። እየጎተትኩም፣ እየደገፍኩም ይዤው ወረድኩ።

አሁን ዋኤል እኔ ቤት ነው። ሐኪም አይቶታል። ቁስሉ ደርቋል። ከትናንት ወዲያ ክንዱን እስከ ክርኑ በውሃ ሲታጠብ አየነው። ባለቤቴ ደጅቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "አንተ ልጅ፣ ባሕሩን ልታስደርቅብን ነው!" አለችው። ሳቀ። ስንት ጊዜዬ ነው ሳቁን ከሰማሁ።

"ሐጅ" አለኝ፣ "ሚስትዎ ከእርስዎ ትብሳለች።"

አበቃ አልኩ በልቤ። ከዚያ ቤት ወጣ።

ትናንት በቀትር...

ቧንቧው ሲከፈት ሰማሁ። ረዘመ። በጣም ረዘመ።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋሁት።

ውሃው ይፈሳል። ግድግዳው ላይ የመዳፍ ምልክት አለ። ዋኤል ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ሸክላው ላይ አድርጓል።

ማጅራቱ ላይ ምንም የለም።

ምንም።

ግን ቆዳው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል... ከባድ ነገር እንደተቀመጠበት።

"ተነስ ልጄ" አልኩት። ላነሳው እጄን ዘረጋሁ።

እጄ አንገቱ ጋ አልደረሰም። ስንዝር ሲቀረው፣ ባዶው አየር ላይ... ቀዝቃዛ፣ ሻካራ፣ አፈር የያዘ ነገር ነካሁ።